የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦት ውድድርና ለአሠራር የሚሰጠው ትምህርት

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሮቦት ሠርተው የሚወዳደሩባቸው መድረኮች ባለፉት ሦስት አሥርተ ዓመታት በበርካታ አገሮች ተስፋፍተዋል። በዘርፉ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት መካከል አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ዲን ኬመን እ.ኤ.አ በ1989 ያቋቋመው «ፈርስት» የተሰኘው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አንዱ ነው። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ውድድር እ.ኤ.አ በ1992 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ሲያካሂድ የተሳተፉት 28 ቡድኖች ብቻ ነበሩ።

የውድድሮቹ አሠራር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አዘጋጆቹ ሮቦቱ የሚያከናውናቸውን ተግባራት፣ የክብደትና የመጠን ገደቡን እንዲሁም የነጥብ አሰጣጡን በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ቡድኖቹም በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ በጀት ንድፍ ያወጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ጉድለቱንም ያርማሉ። ተማሪዎቹ የመካኒክ፣ የኤሌክትሪክ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምና የሰነድ ዝግጅት ሥራዎችን ተከፋፍለው የሚያከናውኑ ሲሆን፣ መምህራንና በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች በአማካሪነት ይመድባሉ።

ከውድድሩ ውጭ ያለ ታዛቢ ውጤቱ በሮቦቱ ፍጥነትና ጉልበት ብቻ የሚወሰን ሊመስለው ይችላል። በበርካታ ውድድሮች ግን ዳኞች የሚመዝኑት ሮቦቱን ብቻ አይደለም። ተማሪዎቹ የሠሩትን ሥራ በጽሑፍ ማስረዳታቸው፣ የመረጡትን ንድፍ ለምን እንደመረጡ በቃል መመለሳቸውም ነጥብ ያሰጣል። ይህ አሠራር ምን ያህል ውጤት እንደሚያስገኝ ለመረዳት በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ የሚገኘው የካርል ሃይደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ያስመዘገበውን ውጤት መመልከት ይጠቅማል።

ካርል ሃይደን አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ከላቲን አሜሪካ ዝርያ ቤተሰቦች የመጡ፣ በዝቅተኛ ገቢ በሚተዳደር ነዋሪ አካባቢ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ መምህራን ፍሬዲ ላይቫርዲና አለን ካሜሮን ያሰባሰቧቸው አራት ተማሪዎች፣ ማለትም ኦስካር ቫስኬዝ፣ ክሪስቲያን አርሴጋ፣ ሎሬንዞ ሳንቲላንና ሉዊስ አራንዳ፣ እ.ኤ.አ በሰኔ ወር 2004 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ቅጥር ግቢ በተካሄደው የውኃ ውስጥ ሮቦቶች ውድድር ተሳተፉ። ውድድሩን ያዘጋጀው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የባሕር ቴክኖሎጂ ትምህርት ማዕከል ሲሆን፣ ከደጋፊዎቹ መካከል የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ይገኝበታል።

መምህራኑ ቡድኑን ያስመዘገቡት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚበዙበት ምድብ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ከሚወዳደሩበት ከፍተኛ ምድብ ነበር። በከፍተኛው ምድብ መሸነፍ እንደማያሳፍርና ተማሪዎቹም ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ልምድ እንደሚቀስሙ በማመን ነበር። በምድቡ ከቀረቡት 11 ቡድኖች አንዱ የታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭር መጠሪያው ኤም አይ ቲ፣ ቡድን ነበር። የኤም አይ ቲ ቡድን በጀት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን፣ የካርል ሃይደን ሮቦት ግን 800 ዶላር ገደማ በሚሆን ወጪ የተሠራ ነበር።

የሮቦቱ አካል የተገጣጠመው ለቤት ውኃ መስመር ከሚያገለግል የፒ ቪ ሲ ቧንቧ ነው። ተማሪዎቹ ቧንቧውን የመረጡት በርካሽ ስለሚገኝ ብቻ አልነበረም። ውስጡ ያለው አየር ሮቦቱ በውኃ ውስጥ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲንሳፈፍ ያግዛል። ቧንቧዎቹ የተጣበቁበት ማጣበቂያ ይሰጥ ከነበረው መጥፎ ጠረን የተነሳም ሮቦቱን «ስቲንኪ» ወይም «ጠረነ መጥፎ» ብለው ሰየሙት።

ለሮቦቱ ከተሰጡት ተግባራት መካከል በመዋኛ ገንዳ ወለል ላይ የተቀመጠ የሰጠመ ሰርጓጅ መርከብ አምሳያ ርዝመት መለካትና ከአንድ መያዣ ውስጥ የፈሳሽ ናሙና መቅዳት ይገኙበታል። ርቀት ለመለካት ተማሪዎቹ የተጠቀሙት በጨረር የሚሠራ መለኪያ ነው። ብርሃን በውኃ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ለአየር የተሠራው መሣሪያ በውኃ ውስጥ ርቀቱን አብዝቶ ያሳያል። ስለዚህ ንባቡ በስሌት መታረም ይኖርበታል። የዚህ ዓይነቱን ስሌት በቃል ማስረዳት መቻል በግምገማው ወቅት ትርጉም ነበረው።

ቡድኑ ለውድድሩ በደረሰበት ወቅት ያልታሰበ ችግር ገጠመው። በሙከራ ላይ ሳለ ውኃ ወደ ሮቦቱ የኤሌክትሪክ ክፍል መስረግ ጀመረ፤ የመቆጣጠሪያው የሽቦ ግንኙነትም ተበላሸ። ተማሪዎቹ ሌሊቱን ሽቦዎቹን እንደገና ሲበይዱ አደሩ። የሚሰርገውን ውኃ ለመቆጣጠር ደግሞ ሴቶች በወር አበባ ወቅት የሚጠቀሙበትን ፈሳሽ መጣጭ ጥጥ ከአካባቢው መደብር ገዝተው በክፍሉ ውስጥ አስቀመጡ። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሥራውን በሚገባ አከናወነ።

በውኃ ውስጥ ተግባራት በተሰጠው ነጥብ ካርል ሃይደን 3ኛ ሆነ፤ ኤም አይ ቲና በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የኬፕ ፊር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቀደሙት። ይሁን እንጂ አጠቃላይ ውጤቱ የሚሰላው የውኃ ውስጡ ነጥብ ከቴክኒክ ሪፖርቱና ከቃል ግምገማው ጋር ተደምሮ ነበር። ተማሪዎቹ ለዳኞቹ ጥያቄ በራሳቸው አገላለጽ በቂ ማብራሪያ ሰጡ፤ ሪፖርታቸውም ከሌሎቹ በልጦ ተሸለመ። ነጥቡ ሁሉ ሲደመር የካርል ሃይደን ቡድን በአጠቃላይ ውጤት 1ኛ ሲወጣ፣ ኤም አይ ቲ 2ኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። የምዘናው ደንብ አስቀድሞ የታወቀና ለሁሉም እኩል የሚሠራ ባይሆን ኖሮ የተማሪዎቹ ውጤት የቡድኑ በጀት አነስተኛ መሆን ከሚያስከትለው ግምት በላይ ሊታይ ባልቻለ ነበር። ዳኞቹ የመዘኑት የትምህርት ቤቱን ስም ወይም የመሣሪያውን ዋጋ ሳይሆን ሥራውንና የሥራውን ማብራሪያ ነው።

ከውድድሩ በኋላ የተማሪዎቹ ሕይወት ግን በሌላ ዓይነት ሰነድ የሚወሰን ሆነ። ከቡድኑ አባላት መካከል በልጅነታቸው ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ የገቡና ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ነበሩ። ኦስካር ቫስኬዝ በትምህርት ቤቱ የወታደራዊ ሥልጠና ፕሮግራም የላቀ ውጤት ቢኖረውም በፈቃዱ ምክንያት በሠራዊቱ ሊመዘገብ አልቻለም፤ ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቀም በሕንፃ ግንባታ ሥራ ላይ ተሠማራ። የአሪዞና መራጮች እ.ኤ.አ በ2006 ያጸደቁት «ፕሮፖዚሽን 300» የተሰኘ ድንጋጌ ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸው ተማሪዎች ለግዛቱ ነዋሪዎች የተወሰነውን ዝቅተኛ የኮሌጅ ክፍያና የግዛቱን የገንዘብ ድጋፍ እንዳያገኙ ከለከለ።

ቫስኬዝ ከለጋሾች በተገኘ ድጋፍ ትምህርቱን ቀጥሎ እ.ኤ.አ በ2009 ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ከዚያም የመኖሪያ ሁኔታውን ሕጋዊ ለማድረግ በፈቃዱ ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ። ያቀረበው ማመልከቻ በመጀመሪያ ውድቅ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ቢታገድም፣ የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ዲክ ደርቢን ጉዳዩን ከተከታተሉት በኋላ እ.ኤ.አ በ2010 ተፈቅዶለት ተመለሰ። በቀጣይም በአሜሪካ ሠራዊት ተቀጥሮ በአፍጋኒስታን አገልግሏል፤ ዜግነትም አግኝቷል። ሕጉም ቢሆን በነበረበት አልቆየም፤ የአሪዞና መራጮች እ.ኤ.አ በ2022 «ፕሮፖዚሽን 308»ን በማጽደቅ በግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው ያጠናቀቁ ወጣቶች የነዋሪነት ክፍያ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ፈቀዱ። ይህ ለውጥ የመጣው ግን ከውድድሩ 18 ዓመት በኋላ በመሆኑ ለአራቱ ተማሪዎች የኮሌጅ ዘመን አልደረሰም።

ተመሳሳይ ሁኔታ እ.ኤ.አ በ2017 በዋሽንግተን ዲሲ በተካሄደው «ፈርስት ግሎባል» ዓለም አቀፍ ውድድር ላይም ታይቷል። ከአፍጋኒስታን ሄራት ከተማ የተመረጡ ልጃገረዶች ያቀረቡት የቪዛ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ውድቅ ተደርጎባቸው ነበር። ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃን ከተሰራጨ በኋላ ግን በመጨረሻው ሰዓት ተፈቅዶላቸው በውድድሩ ተካፍለዋል፤ ላሳዩት ጽናትም የብር ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች መረዳት እንደሚቻለው፣ የሮቦት ውድድርን ማስፋፋት ቁሳቁስ ከማሟላት ያለፈ ዝግጅት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ተማሪዎች በሠሩት ልክ እንዲያስረዱም የሚያደርግ ግልጽ የምዘና ደንብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚቆዩ መምህራን ጥረታቸው ሊታወቅና ሊደገፍ ይገባል። የካርል ሃይደን ቡድን ከ2004ቱ ድል በኋላ አለመበተኑና እ.ኤ.አ በ2008 በፈርስት ውድድር ለማኅበረሰብ አገልግሎትና ለአርአያነት የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት ማግኘቱ የመምህራኑ ያልተቋረጠ ክትትል ውጤት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ከውድድሩ ቀጥሎ ያለውን መንገድ ይመለከታል። ተሰጥኦው በአደባባይ የተረጋገጠ ወጣት ኮሌጅ የሚገባበት፣ የሚቀጠርበት፣ ፈቃድ የሚያገኝበት ደረጃ ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ነው። ቫስኬዝ ወደ ሙያው የተመለሰው አንድ ባለሥልጣን ማመልከቻውን ዳግም እንዲታይ በማድረጋቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ወጣት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስለማይገኝ፣ ችሎታን በወቅቱ ለይቶ የሚያስተናግድ አሠራር በደንብና በመመሪያ ተደግፎ መዘርጋት እንደሚኖርበት ተሞክሮው ያመለክታል።