«በኳስ ቤት ይመራል ወይ?»

በቅርቡ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ልታማክረኝ መጣች። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊጨርስ ነው፤ ቅርጫት ኳስ ይወዳል። «ስፖርት ሳይንስ ተምሬ አሠልጣኝ እሆናለሁ» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። አባት ተቆጥቶ ሦስት ቀን አላነጋገረውም።

«እኅቴ፣ በኳስ ቤት ይመራል ወይ? አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። ስለ ሁለት አሠልጣኞች ግን አጫወትኋት።

አንደኛው በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስማቸው የተከበረው ጆን ውደን ናቸው። መንገዳቸው በጭብጨባ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1932 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እያስተማሩ ያሠለጥኑ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ካሸነፉት ይልቅ የተሸነፉት በለጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢንዲያና ስቴት ኮሌጅ ሳሉ፣ ቡድናቸው በ1947 ለአገር አቀፍ ውድድር ተጋበዘ። ጥቁሩ ተጫዋቻቸው ክላረንስ ዎከር መሰለፍ አይችልም ስለተባለ ግብዣውን አልቀበልም አሉ። በዓመቱ እገዳው ተነሣ፤ ዎከርም ከቡድኑ ጋር ሄዶ ተጫወተ።

በ1948 በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያዙ። የመጀመሪያውን የአገሪቱን ዋንጫ ያነሡት ግን በ1964 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ከዚያ እስከ 1975 ባሉት 12 የውድድር ዘመናት 10 ዋንጫ ወሰዱ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ምን ነበር? ካልሲ በአግባቡ ማድረግና ጫማ ማሰር! የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላላ።

ሁለተኛው የእኛው ናቸው። በአርሲ፣ ከአሰላ ወዲያ በምትገኘው በበቆጂ፣ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። ልጆቹ ሲበስሉ ወደ ክለብና ወደ ብሔራዊ ቡድን ይሄዱ ነበር። መምህሩ ግን እዚያው ቀርተው ከአዳዲስ ልጆች ጋር ከሀ ይጀምሩ ነበር።

ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ተሰይሟል። የሯጩን ስም በየቀኑ እንጠራለን። ሯጮችን በልጅነታቸው ያስሮጡትን መምህራን ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን?

ያቺን እናት አላታለልኋትም። በአገራችን በቅርጫት ኳስ ብቻ ቤት መምራት ከባድ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሰዎች መጀመሪያ መምህራን እንደነበሩ ልብ በይ አልኋት። ልጁ የማስተማር ሙያ ይያዝ፤ ማሠልጠኑ በዚያ ላይ ይቆማል። ከሁሉ በፊት ግን ይፈተን። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ያሠልጥን። ዝናብ ሲሆን፣ ሰባቱ ቀርተው ሦስቱ ብቻ ሲመጡ፣ አመስጋኝ ሲጠፋ ይቀጥላል? ከቀጠለ የወደደው ጭብጨባውን ሳይሆን ልጆቹን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችንን ምኞት ከመንቀፋችን በፊት አንድ ቀን ሄደን እንየው።

ያ አባት እስካሁን «እሺ» አላለም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከሜዳው ዳር ቆሞ ሲመለከት ታይቷል።