አስም በልጆች ልብ ውስጥ የሚተወው ፍርሃት

አስም በልጆች ላይ በስፋት ከሚታዩ ሥር የሰደዱ በሽታዎች አንዱ ነው። ስለ ሳሉና ስለሚያፏጨው ደረት ብዙ ይነገራል፤ ስለሚያስከትለው ጭንቀት ግን እምብዛም አይወራም። አስም ያለባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ለጭንቀትና ለድብርት የተጋለጡ መሆናቸውን ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧዎችን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ የቧንቧዎቹ ግድግዳ ያብጣል፤ አክታም ይዘጋቸዋል። እንዲህ ታፍኖ የሚያውቅ ልጅ ሕመሙ ካለፈም በኋላ ቀጣዩን እየጠበቀ ይኖራል። መተኛት ይፈራል፤ ኳስና ሩጫ ይሸሻል። ፍርሃትና ለቅሶ ደግሞ ትንፋሽን ስለሚያፋጥኑ አስሙን መልሰው ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ሌሊት ሲያስል ያደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል።

መድኃኒቱም ግራ ሊያጋባው ይችላል። ሳልቡታሞል ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ከተወሰደ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እጅ ሊንቀጠቀጥ፣ ልብም በፍጥነት ሊመታ ይችላል። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑ ያልተነገረው ልጅ ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል። ሞንቴሉካስት የተባለው መድኃኒት ደግሞ በአንዳንዶች ላይ ቅዠትና የጠባይ ለውጥ ስለሚያስከትል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል።

ይህ ሁሉ ሲባል አስም ከጭንቀት የሚመነጭ በሽታ ነው ማለት አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ ሐኪሞች እንዲያ ያምኑ ነበር፤ በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው እንዲታከሙ እስከማድረግ ተደርሷል። ዛሬ አስም የአየር ቧንቧ ብግነት መሆኑ ታውቋል። ጥፋቱ የእናትም የልጅም አይደለም።

እኛ ዘንድ ያለው ጉዳት ሌላ ነው። ፓፍ ሱስ ያስይዛል የሚለው ወሬ ልጁን ያሳፍረዋል። ፓፉን ከደብተሮቹ ሥር ደብቆ፣ ሲያፍነው መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይነፋል፤ ወይም እስኪብስበት ይታገሳል። ፓፍ ግን ሱስ አያስይዝም። አስሙ በሚገባ ከተያዘለትም ልጁ እንደ እኩዮቹ መሮጥ ይችላል።

ወላጆች፣ ሕመሙ ሲነሳ ልጁ መጀመሪያ የሚያየው የእናንተን ፊት ነው። መቼ ፓፍ እንደሚሰጥ፣ መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚሮጥ ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ አንዱን ቅጂ ለመምህሩ ስጡ። በክትትል ቀጠሮውም ስለ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጨዋታውና ስለሚያስፈራው ነገር ለሐኪሙ ንገሩ።