የበር እጀታና ቧንቧ ከሕመምተኛ ጤና ጋር ምን አገናኛቸው?



ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወደ ከተማው ስንወርድ በዚያው በጉለሌ ክፍለ ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን እናገኛለን። የታመመ ለመጠየቅ እንዲህ ዓይነት ሆስፒታል ስንገባ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ስንት ነገር እንነካለን? የበር እጀታ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የአልጋ ጠርዝ። ሌላው ትቶት የሄደውን ጀርም እናነሳለን፤ የራሳችንንም ትተን እንሄዳለን።

ስለ ሆስፒታል ንጽሕና ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የሠራተኛው ጥንቃቄ ነው። ልክ ነው፤ ነገር ግን የተገጠመው ዕቃ ራሱ ጥንቃቄውን ወይ ያግዛል ወይ ያፈርሳል።

ቧንቧን እንውሰድ። ውዱእ ስናደርግ ሁልጊዜ የምናየው ነው፦ መክፈቻውን የሚነካው ገና ያልታጠበ እጅ ነው፤ ስንጨርስ ደግሞ የታጠበው እጅ ያንኑ ይዞ ይዘጋል። ይህ ውዱኣችንን አያበላሽም፤ ቁስል ሊነካ ለተዘጋጀ ሐኪም ግን መታጠቡን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ለሕክምና ቤት የሚመረጠው በክርን የሚገፋ ረጅም መክፈቻ ያለው ወይም በእግር የሚረገጥ ቧንቧ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ከተገኘ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት በእግር የሚሠሩ እጅ መታጠቢያዎች በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ ነበሩ።

በርም እንዲሁ ነው። ክብ እጀታ ሙሉ መዳፍ ይፈልጋል፤ ወደ ታች የሚጫነውን ግን በክርን መክፈት ይቻላል። ስንጥቅና የተጋለጠ ብሎን ያለበት እጀታ ቆሻሻ ይይዛል፤ ጨርቅም አይደርስበትም። የተሠራበት ብረትም ለውጥ ያመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2008 እ.ኤ.አ. የመዳብ ቅይጦችን ባክቴሪያ ገዳይ ብሎ መዝግቧል። ይህ ግን መወልወልን አያስቀርም።

የመታጠቢያ ገንዳውም ቢሆን ራሱ የበሽታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። በካናዳ ቶሮንቶ በአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. 36 ታማሚዎች መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። ባክቴሪያው የተቀመጠው በገንዳዎቹ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ነበር። የቧንቧው ውሃ በቀጥታ መውረጃው ላይ ሲወርድ ቢያንስ አንድ ሜትር ይረጭ ነበር። ወረርሽኙ የቆመው ገንዳዎቹ እንዳይረጩ ተደርገው ሲስተካከሉ ነው።

ዘመናዊ የሆነ ሁሉም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ እጅ ሲቀርብ በራሳቸው ከሚከፈቱ ቧንቧዎች ከተወሰዱት ናሙናዎች ግማሹ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል፤ ከተለመዱት ቧንቧዎች ግን 15 በመቶው ብቻ። አጥኚዎቹ የጠረጠሩት የውስጥ ክፍሎቻቸውን ውስብስብነት ነው።

ውሃና መብራት በሚቋረጥበት አገር ላለን ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዕቃ ከመገጠሙ በፊት አራት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ያለ መዳፍ ይሠራል? ጨርቅ ሁሉም ቦታው ይደርሳል? ውሃ ውስጡ ተኝቶ ይቀራል? መብራት ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል?

ከመካከላችን ነገ የጤና ጣቢያ ንድፍ የሚሠራ፣ የዕቃ ግዢ የሚፈርም፣ ታማሚ የሚያክም አለ። የዚያን ቀን ርካሹን እጀታ ለመምረጥ እጃችን ሲዘረጋ፣ ያንን እጀታ ነክቶ ወደ አራስ ልጅ የሚሄደውን እጅ እናስብ። እስከዚያው ግን የታመመ ስንጠይቅ ስንገባም ስንወጣም እጃችንን እንታጠብ፤ ቧንቧውንም ከተቻለ በክርናችን እንዝጋ።