ቤቱ የሚሠራው ለማን ነው?

የአንድ አገር ሕዝብ ቁጥር ሲቀንስ የቤት ፍላጎትም አብሮ ይቀንሳል? እኔ «ምን ያጠያይቃል!» ባይ ነበርኩ። የጃፓንን ጉዳይ ሳነብ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጃፓን ሕዝብ በ2008 አካባቢ 128 ሚሊዮን ደርሶ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው። ከ10 ሰው 3ቱ ገደማ 65 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ነው። የ2010 እና የ2020 የሕዝብ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ ሕዝቡ በ2 ሚሊዮን ገደማ ቀንሷል፤ የቤተሰቦች ቁጥር ግን በ4 ሚሊዮን ገደማ ጨምሯል! ቤተሰብ ስንል ለብቻው የሚኖር ሰውም ይቆጠራል።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል፣ ቤት የሚፈለገው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጎጆ ቁጥር ነው። ልጆች ወጥተው ይሄዳሉ፣ ባል ሲሞት ሚስት ብቻዋን ትቀራለች፣ ወጣቱም ሳያገባ ይቆያል። በ2020 ከ100 ቤተሰቦች 38ቱ አንድ ሰው ብቻ ያለባቸው ነበሩ። ስለዚህ እርጅና መጀመሪያ ላይ የቤት ፍላጎትን አይቀንስም፤ ዓይነቱን ይለውጣል። አዛውንቶች የሚፈልጉት ጠበብ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለሐኪም ቤት ቅርብ የሆነ ቤት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚመጣው አዛውንቶቹ ሲያልፉ ነው። ልጆቹ ቶኪዮ ወይም ኦሳካ ናቸው፤ የወላጆቻቸው ቤት ገጠር ተዘግቶ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ባዶ ቤት ጃፓኖች «አኪያ» ይሉታል። በ2023 በተደረገው ጥናት ባዶ ቤቶች 9 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ከጠቅላላው 14 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ግማሽ ያህሉ ተከራይ የሚጠብቁ ቢሆኑም ከ3.8 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ለኪራይም ለሽያጭም ያልቀረቡ ናቸው።

ታዲያ ለምን አይፈርሱም? አንደኛ ማፍረስ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛ ቤት ያረፈበት መሬት እስከ 200 ካሬ ሜትር ድረስ ግብሩ የሚታሰበው በዋጋው አንድ ስድስተኛ ላይ ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ቅናሹ ይቀራል። በ2023 ሕጉ ተሻሽሎ ማዘጋጃ ቤቶች በአግባቡ ካልተያዙ ቤቶች ላይ ይህን ቅናሽ ማንሳት እንዲችሉ ተደርጓል። ሌሎች ምክንያቶችም ተጨምረውበት፣ በ1990 ወደ 1.7 ሚሊዮን የነበረው በዓመት የሚጀመር አዲስ ቤት በ2023 ወደ 820 ሺህ ወርዷል።

«የእኛ ሕዝብ ወጣት ነው፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። አያቴ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ በየፎቁ እየቆመች ትንፋሽ ትሰበስባለች፤ ለቅሶ መድረሱን ከተወች ቆይታለች። ዛሬ የሚሠራው ሕንጻ እኛም ስናረጅ ይቆማል። እንግዲህ ነገ ማይክ ይዘን ምረቃ ላይ ስንገኝ «ስንት ቤት ተሠራ?» ብለን ብቻ አንመለስ፤ «ለማን ተሠራ?» ብለንም እንጠይቅ።