የግንባር ባትሪ፦ ትርፉ ከካርቶኑ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው

በላስቲክ ማሰሪያ ግንባር ላይ የሚታሰረው የኤል ኢ ዲ ባትሪ ከመርካቶ መደብሮች እስከ ገጠር የገበያ ቀን የሚዘልቅ ሸቀጥ ነው። ዕቃው ትንሽ፣ የሚጠይቀው ካፒታልም መጠነኛ ስለሆነ አዲስ ነጋዴዎች ደፍረው ይገቡበታል። ይሁን እንጂ የሚከስረው በውድ የገዛው ሳይሆን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ የገዛው ነው። መሸጡ ቀላል ነው፤ ከባዱ የተሸጠው ተመልሶ ሳይመጣ መቅረቱ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀድሞ ተበላሽቶ ቢጣል ብዙም የማይቆጭ ርካሽ ዕቃ ዛሬ ብዙ ብር የወጣበት ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ምርጫው ለአስመጪውም፣ ለአከፋፋዩም፣ መሐል ቆሞ ለሚያገናኘው ደላላም የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በዚህ ገጽ እንደ ገበያው አነጋገር «ባትሪ» የተባለው መብራቱ ራሱ ሲሆን፣ «ድንጋይ» የተባለው ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው።

ፍላጎቱ ከየት ይመጣል?

የግንባር ባትሪን ከእጅ ባትሪ የሚለየው ሁለቱንም እጅ ነጻ ማድረጉ ነው። በሻኪሶ፣ በአሶሳና በዲማ አካባቢ ወርቅ የሚቆፍረው፣ ሌሊት ውኃ ተራው ደርሶት ቦይ የሚከፍተው ገበሬ፣ መኪና ሥር የሚገባው መካኒክ፣ መብራት በሌለበት ጤና ኬላ ወላድ የምታዋልደው የጤና ባለሙያ ሁሉ ደንበኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 መላውን ሕዝብ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሆነ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ዕቅዱ በተባለው ጊዜ አልደረሰም። መስመር በገባበትም ቢሆን ኃይል ይቋረጣል። ስለዚህ ፍላጎቱ ነገ ተነሥቶ የሚጠፋ አይደለም።

አደጋው በሌላ በኩል ነው። በኬንያ የኤል ኢ ዲ የእጅ ባትሪ ተጠቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፣ ከተጠየቁት አብዛኞቹ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ ደግሞ ጥሩውንም ዕቃ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ለጥራት ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈልንም ይተዋል። በዚህ መንገድ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል።

የ10,000 ሉመን ሒሳብ

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። ከተራ ኩራዝ የሚወጣው 10 ሉመን ገደማ ነው። ደህና ኤል ኢ ዲ ከ1 ዋት ኃይል በግምት 100 ሉመን ያወጣል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ማንኛውም ነጋዴ ካርቶኑን ሊፈትሽ ይችላል።

ካርቶኑ «10,000 ሉመን» የሚል ከሆነ መብራቱ 100 ዋት ያህል መብላት አለበት ማለት ነው። አሁን ውስጡ ያለውን ድንጋይ እንመልከት። በብዛት የሚገኘው ሊትየም ድንጋይ 18650 የሚባለው ነው፤ ስያሜው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረቱንና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመቱን ያመለክታል። ቮልቱ 3.7 ነው። 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ከሆነ በውስጡ ያለው ኃይል 7.4 ዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት የሚበላ መብራት ይህን ድንጋይ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ሙቀት ግንባር ላይ አስሮ የሚሄድ ሰው ስለሌለ፣ የተጻፈው ቁጥር ከዕቃው ጋር እንደማይገናኝ ግልጽ ነው።

በተቃራኒው ያው ድንጋይ 1 ዋት ለሚበላ መብራት 6 ወይም 7 ሰዓት ያገለግላል። በዚህ የሚገኘው 100 ሉመን ለመንገድ በቂ ነው። በቅርብ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሉመን ይበቃል። ስለዚህ ገዢው «ስንት ሉመን ነው?» ሲል ሻጩ «ስንት ሰዓት ያበራል?» ብሎ ጥያቄውን ቢያዞርለት ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ድንጋዩን በሚዛን

ሁለተኛው የካርቶን ውሸት የድንጋዩ ነው። በ18650 ድንጋይ ላይ «9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ከታወቁ ፋብሪካዎች በብዛት የሚወጡት ግን 3,500 ገደማ ላይ ይቆማሉ። 9,900 የሚል ድንጋይ ሲገኝ ችሎታው ከ3,500ው ይበልጣል ሳይሆን ያንሳል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የመጀመሪያው ወንፊት ሚዛን ነው። ደህና 18650 ድንጋይ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም ብቻ የሚመዝን ከሆነ ቀፎው ውስጥ ያለው ነገር ጎድሏል። ይሁንና ባዶውን በዱቄት ሞልተው ክብደት የሚያስተካክሉ ስላሉ ሚዛን ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ወንፊት ሰዓት ነው፦ ከካርቶኑ ከተለያየ ቦታ 3 ፍሬ አውጥቶ፣ ሞልቶ፣ በአንድ ጊዜ አብርቶ መቼ እንደሚደክሙ መመዝገብ። ሦስቱ በጣም የተለያየ ሰዓት ከሰጡ ፋብሪካው ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ እየሰበሰበ የሚከት ነው ማለት ነው። «ሲያዩት ያምር ሲበሉት ያቅር» የሚባለው ሳይደርስ ናሙና መፈተኑ አንድ ምሽት ብቻ ይጠይቃል።

በዚህ ላይ ሦስት ነገር መታየት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ድንጋዩ ተፈትቶ የሚወጣ መሆኑ። ሊትየም ድንጋይ ሞልቶ በመጉደል ብዛት ያረጃል፤ ድንጋዩ ታሽጎ የተሠራ ባትሪም ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ቻርጁ በተራ የስልክ ገመድ የሚሆን መሆኑ። የራሱ ልዩ ቻርጀር ያለው ባትሪ ቻርጀሩ የጠፋ ዕለት ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፣ የኤል ኢ ዲው መቀመጫ አሉሚኒየም መሆኑ። ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ኃይለኛ ኤል ኢ ዲ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ቶሎ ይደበዝዛል።

በ3 ቀጫጭን ድንጋይ የሚሠራው ዓይነትም ሊናቅ አይገባም። 4.5 ቮልት ይሰጣል፤ ድንጋዩ በየሱቁ ይገኛል፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ቻርጅ ፍለጋ አያዞርም። ጉዳቱ ድንጋይ በየጊዜው ማስገዛቱ ነው። አሮጌና አዲስ ድንጋይ ቀላቅሎ መክተት ደግሞ ደካማውን ያፈስሰዋል፤ ፍሳሹም ማያያዣውን ይበላዋል።

ጥቂት ማሻሻያ፣ የተሻለ ዋጋ

ገዝቶ በዚያው ከመሸጥ ይልቅ ትንሽ ሥራ ጨምሮ መሸጥ የሚያዋጣበት ሸቀጥ ቢኖር ይህ ነው። የስልክ ጠጋኝ ያለው መበየጃና መለኪያ ይበቃል።

ቀዳሚው ማሻሻያ ድንጋዩን መለወጥ ነው። ቀፎው ደህና፣ ድንጋዩ ግን ደካማ የሆነ ባትሪ በተመዘነና በተፈተነ ድንጋይ ቢተካ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የራሱ መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ድንጋይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም፣ በብዛት ከመገዛቱ በፊት ቀፎው ውስጥ መግባቱ ይረጋገጥ። ከኋላ ጎን ለጎን ሁለት ድንጋይ የሚይዘው ዓይነት ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜና እኩል የተሞሉ እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ አለዚያ የሞላው ወደ ጎደለው በኃይል ይፈስሳል። ለ3 ቀጫጭን ድንጋይ በተሠራ ባትሪ ውስጥ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሊትየም ድንጋዮች መክተት ግን 4.5 የነበረውን ቮልት ከ11 በላይ ያደርሰዋል፤ መብራቱም ይቃጠላል።

ሁለተኛው ብርሃኑን መቀነስ ነው። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ርካሽ ባትሪዎች ከሚገባቸው በላይ እየተነዱ ይሞቃሉ። በመሥመሩ ላይ ትንሽ ሬዚስተር ቢጨመርና ኃይሉ ቢጋመስ የሚያበራበት ሰዓት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዓይን ደግሞ ግማሽ ብርሃንን ግማሽ አድርጎ ስለማያየው ገዢው የሚያስተውለው የሰዓቱን መርዘም ነው።

ሦስተኛው ብርሃኑን መበተን ነው። ሌንሱ ለሩቅ የተሠራ ባትሪ መሐሉ የሚያንጸባርቅ ዙሪያው የጨለመ ክብ ይሠራል። ይህ ለዘበኛ ይመቻል፤ ለሚሰፋ፣ ለሚያክምና ለሚጠግን ሰው ግን ዓይን ያደክማል። ሌንሱ ላይ እንደ ወተት የደፈረሰ ስስ ፕላስቲክ ተቆርጦ ቢገጠም ብርሃኑ እኩል ይዳረሳል። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ለጤና ባለሙያ የሚሸጥ ከሆነ የብርሃኑ ቀለምም ቁም ነገር ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ርካሽ ነጭ ብርሃን ቀይን በትክክል አያሳይም፤ የደምንና የቆዳን መልክ ለማየት የቀለም መለኪያው ከ90 በላይ የሆነ ኤል ኢ ዲ ይመረጣል። ኤል ኢ ዲውን ብቻ ነቅሎ መተካትም ይቻላል።

በፀሐይ ኃይል እንዲሞላ ማድረግ የሚፈልግ ካለ አንድ ሕግ መጣስ የለበትም፦ የ6 ቮልት ሶላር በቀጥታ ከሊትየም ድንጋይ ጋር አይያያዝም። ድንጋዩ 4.2 ቮልት ሲደርስ ቻርጅ መቆም አለበት። ይህን የሚያደርግ ቲፒ 4056 የተባለ ቺፕ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ በርካሽ ይገኛል። ያለ እሱ የሚሞላ ድንጋይ ያብጣል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

አንድ ገዢ ግን በየትኛውም ማሻሻያ ሊሸጥለት አይገባም። የድንጋይ ከሰል ዋሻ ውስጥ የሚሠራ ሰው ተቀጣጣይ ጋዝ ሊኖርበት በሚችል ቦታ ስለሚገባ ለዚያ ተብሎ የተሠራ፣ ብልጭታ የማያወጣ መብራት ያስፈልገዋል። ተራው የግንባር ባትሪ ለእሱ አይሆንም።

ከማዘዝ በፊት

ሊትየም ድንጋይ በጭነት ሕግ አደገኛ ዕቃ ነው። ዩኤን 38.3 የተባለውን ፈተና ያለፈበት ማስረጃ ከሻጩ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብቻውን የሚላክ ሊትየም ድንጋይ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫን ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ከ30 በመቶ በላይ ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ባትሪውን ከድንጋዩ ለይቶ ለማዘዝ ያሰበ ሰው የጉዞውን መንገድ ቀድሞ ማጣራት አለበት።

ለጥራት መነሻ የሚሆን መስፈርትም አለ። የዓለም ባንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በጀመረው ላይቲንግ አፍሪካ ፕሮግራም ተነሥቶ የዳበረው የሶላር መብራቶች ደረጃ፣ መብራቱ 2,000 ሰዓት ካበራ በኋላ ቢያንስ 85 በመቶ ብርሃኑን እንዲይዝና በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው እውነት እንዲሆን ይጠይቃል። ደረጃው በቀጥታ የማይመለከተውን ባትሪ የሚያዝ አስመጪም እነዚህን ሁለት ነጥቦች በውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላል።

ተመላሹ ሲቆጠር

ለምሳሌ ያህል ሁለት ነጋዴዎች ይወሰዱ። አንደኛው ፍሬውን በ200 ብር አግኝቶ በ260 ይሸጣል፤ ከ100 ፍሬ 20ው ተመልሶ ገንዘብ ይከፍልበታል። ከ80ው 4,800 ብር ያተርፋል፤ በ20ው 4,000 ብር ይከስራል። እጁ ላይ የሚቀረው 800 ብር ነው። ሁለተኛው መርጦና ጠግኖ ፍሬው 250 ብር ይፈጅበትና በ310 ይሸጣል፤ የሚመለስበት 2 ፍሬ ብቻ ነው። ከ98ቱ 5,880 ብር አትርፎ በ2ቱ 500 ብር ይከስራል። የሚቀረው 5,380 ብር ነው።

በአንድ ፍሬ የሚያገኙት ትርፍ እኩል 60 ብር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ተመላሹ ሲሆን፣ ተመላሹን የሚወስነው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው። በመሆኑም በሚቀጥለው ጊዜ ናሙና ይዞ ለሚመጣ ደላላ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን «ድንጋዩ ይወጣል? ስንት ግራም ይመዝናል?» የሚለው ቢሆን ገዢም ሻጭም አይጎዳም።