ስለ ፍል ውሃ ባክቴሪያ፥ ሙቀትንም ስለሚችለው ኢንዛይሙ

ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ተራራ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ በምንጩ አጠገብ ቤት አሠርተው የስፍራውን ስም አዲስ አበባ አሉት። ስለዚህ ይህች ከተማ ከተራራው ብርድ ወደ ምንጩ ሙቀት በመውረድ የተቈረቈረች ናት።

ፍል ውሃ የሚባለው፥ በምድር ላይ የወረደ ዝናብ በዐለት ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ገብቶ፥ በምድር ውስጥ ሙቀት ግሎ፥ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ የሚወጣው ነው። ባገራችንም ከአዲስ አበባው ሌላ በሶደሬ፥ በወንዶ ገነት፥ በሻላ ሐይቅ ዳርና በአፋር ምድር ይገኛል። ታዲያ ሥጋን በሚልጥ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይኖራልን? አዎን፥ ይኖራል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ የሎስቶን በሚባለው የአሜሪካ ጥብቅ ስፍራ ከሚገኝ ፍል ውሃ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ባክቴሪያ ማለት ያለ ማጉያ መነጽር በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕያው ነገር ነው። ብሮክም ከተማሪው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋራ ሆኖ በ1969 ስሙን ቴርሙስ አኳቲኩስ ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ይህ ባክቴሪያ በ70 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተመችቶት ይራባል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቢገባ ግን መራባቱ ይቀራል።

እንዴት ሳይበስል እንደሚኖር ለማወቅ አስቀድሞ የኢንዛይምን ነገር ማወቅ ይገባል። ሰውም ከብትም እህልም ባክቴሪያም በውስጡ ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ አለው። ኢንዛይም አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ፥ ራሱ ግን ሳያልቅ የሚቀር ነው። ጠላ ጠማቂዎች በስሙ ባያውቁት በሥራው ያውቁታል። ገብስ ርሶ ሲበቅል በብቅሉ ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ይበዛልና፤ ጠላውም የሚፈላው ከዚህ ስኳር የተነሣ ነው።

መምህራን ይህን በትምህርት ቤት በቀላሉ ሊያሳዩት ይችላሉ። ወፈር ያለ የዱቄት ሙቅ ተሠርቶ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፤ በሁለት ዕቃም ይከፈል። ባንደኛው በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ፥ በፀሐይ የደረቀ የብቅል ዱቄት ይጨመርበት። በሁለተኛው በዚያው ልክ የተበጠበጠ፥ ነገር ግን ሩብ ሰዓት በእሳት ላይ ፈልቶ የበረደ ብቅል ይጨመርበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፊተኛው ሙቅ ይቀጥናል፤ የኋለኛው ግን እንደ ወፈረ ይቀራል። እሳቱ ሠራተኛውን አጥፍቶታልና።

እሳት ኢንዛይምን የሚያጠፋው እንዲህ ነው። ኢንዛይም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲንም አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ቅንጣቶች፥ በክር እንደ ተሰካ ዶቃ በተርታ ተያይዘው የተሠራ ነው። በጥቂት ፊደላት ብዙ መጻሕፍት እንደሚጻፉ፥ የቅንጣቶቹ ተራ ሲለዋወጥ ልዩ ልዩ ፕሮቲን ይሆናል። ክሩም ተዘርግቶ አይኖርም፤ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ የታወቀ መልክ ይይዛል። በመልኩ ላይ እንደ ቍልፍ ቀዳዳ ያለ ስርጕድ ስፍራ አለ፤ ሥራውን የሚሠራው በዚያ ነው። ስለዚህ መልኩ ከፈረሰ ሥራው ይቀራል። የዕንቍላል ነጭ ለዚህ ምስክር ነው። በእሳት ጊዜ የፕሮቲኑ ክር ተፈትቶ እርስ በርሱ ይተበተባል፤ ይነጣል፤ ይረጋል፤ ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞው አይመለስም።

እንግዲህ የፍል ውሃው ባክቴሪያ ኢንዛይም ከሌላ ነገር የተሠራ ይሆን? አይደለም፤ የተሠራው ከነዚያው 20 ቅንጣቶች ነው። በእንጦጦና በየካ ተዳፋት ላይ ካብ የካበ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል። ሁለት ሰዎች ካንድ ስፍራ ድንጋይ ለቅመው ቢክቡ፥ ያንዱ ካብ በሐምሌ ጎርፍ ሲናድ የሌላው ይቆማል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለየው አካካቡ ነው።

ሊቃውንት የነዚህን ኢንዛይሞች መልክ በኤክስ ሬይ መርምረው የአካካባቸውን ልዩነት አይተዋል። አንደኛ፥ በላዩ ላይ ኤሌክትሪካቸው ተቃራኒ የሆነ ቅንጣቶች ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ እነርሱም እየተሳሳቡ ክሩን ያስሩታል። ሁለተኛ፥ ውሃን የሚሸሹት ቅንጣቶች በመካከሉ ጥቅጥቅ ብለው ስለሚገጥሙ ባዶ ስፍራ ያንሳል። ሦስተኛ፥ በሙቀት ጊዜ አስቀድመው የሚንቀጠቀጡት ልል ቀለበቶችና የክሩ ጫፎች ያጥራሉ፥ ወይም ከገላው ጋራ ይጣበቃሉ። አራተኛ፥ አንዳንዶቹ ሁለትም አራትም ሆነው እየተያያዙ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ሁሉም ኢንዛይም ግን አራቱን አንድነት አልያዘም፤ ያንዱ ጽናት ከዚህ፥ የሌላው ከዚያ ይመጣል።

ጽናቱም ያለ ዋጋ አልተገኘም። ኢንዛይም ሲሠራ ጥቂት መተጣጠፍ ያስፈልገዋል፤ እጅግ የጸናው ግን በብርድ ጊዜ ግትር ስለሚሆን ሥራው ይዘገያል።

የቴርሙስ አኳቲኩስ አንዱ ኢንዛይም በ1976 ተለይቶ ወጣ። እርሱም ከ832 አሚኖ አሲድ የተሠራ ነው፤ በ1995 መልኩ ሲታወቅ መዳፍ፥ ጣቶችና አውራ ጣት እንዳሉት ቀኝ እጅ ሆኖ ተገኘ። ሥራው የዘር ጽሑፍ የሆነውን ዲ.ኤን.ኤ. መገልበጥ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ክር የተጋመደበት ነውና፥ ለመገልበጥ በ95 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ክሮቹን መለያየት ያስፈልጋል። ኬሪ ሙሊስ በ1983 ይህን ዘዴ ባሰበ ጊዜ፥ ተራው ኢንዛይም በሙቀቱ ስለሚጠፋ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበረ። የፍል ውሃው ኢንዛይም ሲተካበት ግን አንድ ጊዜ ጨምሮ ሁሉን ዙር መጨረስ ተቻለ። በየዙሩ እጥፍ ሲሆን፥ አንዱ ቅጂ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ሙሊስም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ባገራችን በታወቀ ጊዜ በሽታው የተለየበት ምርመራ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ ትምህርት ሥራ ሠርተዋል። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አማረ ገሠሠ፥ ሶዳ ከበዛበት ካገራችን ሐይቅ ከተገኘ ባክቴሪያ ሙቀትን የሚችሉ ሁለት ኢንዛይሞች ለይተው በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈዋል። እነዚህም በገለባና በእንጨት ውስጥ ያለውን ዚላን የሚባል ነገር የሚቈራርጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ኢንዛይም ወረቀት ሲሠራ ለማንጫ የሚገባውን ክሎሪን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሽማግሎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የዚያ የዲ.ኤን.ኤ. ዘዴ መብት በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ባክቴሪያው የተገኘበት ጥብቅ ስፍራ ግን ከገንዘቡ ድርሻ አልነበረውም። አንድ ማንኪያ ጭቃ ይህን ያህል ዋጋ ሊያወጣ ይችላልና፥ ምንጭን መጠበቅ ሀብትን መጠበቅ ነው። ባገራችን በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የእንስሳት፥ የዕፀዋትና የረቂቃን ሕያዋን ዘር ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፥ ከሚገኘውም ጥቅም ሕዝቡ ድርሻ እንዲኖረው ያዝዛል። ፈቃዱን የሚሰጠው በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ስለዚህ ከምንጫችሁ ውሃና ጭቃ በጠርሙስ ሊወስድ የመጣ ሰው ቢኖር፥ በአክብሮት ተቀብሎ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል። በምንጩም ዙሪያ ቈሻሻ መጣልን መከልከል ያስፈልጋል።

ነገር ግን ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ውሃ ማፍላት ከንቱ ነው» እንዳይል መምህራን ይጠንቀቁ። የውሃ ወለድ በሽታን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ኢንዛይም ለሰው ገላ ሙቀት የተካበ ነውና በመፍላት ይፈርሳል። በከፍታ ስፍራ ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፥ በአዲስ አበባ በ92፥ በእንጦጦ ራስ በ90 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ የሚኖር ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከገነፈለ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ያቈየው።

የካቡ ምሳሌ ለተማሪዎች ይነገር። ጽናት ከድንጋዩ ብዛት ይልቅ ከአገጣጠሙ ይገኛል፤ ይህም ለካብ እንደ ሆነ ሁሉ በዓይን ለማይታየው ኢንዛይምም እውነት ነው።