ጎዳንቱ፤ የባሌ ደጋ የግጦሽ ሥርዓት

በባሌ ደጋ፥ ከሮቤና ከጎባ በላይ ባለው ተራራማ አገር፥ ከብት በየወቅቱ የሚዛወርበት ልማድ በኦሮምኛ ጎዳንቱ ይባላል። በዝናብ ወራት የታችኛው መሬት እህል ሲበቅልበት መንጋው ወደ ከፍተኛው መስክ ይወጣል፤ በበጋ ደግሞ ጥላና ልምላሜ ወዳለበት ደን ይወርዳል። በዚህም መካከል ሆራ የሚባለውን ማዕድናም የምንጭ ውሃ ይጠጣል።

መስኩ የሚያርፍበት ጊዜ ስላለው ሣሩ መልሶ ያድጋል። ነገር ግን አንዱ መንደር ከብቱን ያለ ወቅቱ ቢያሰማራ የሌሎቹ መታቀብ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሥርዓቱ የጎረቤት ሽማግሌዎችን ስምምነት ይሻል።

በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች መስፋፋትና የመንደር ምሥረታ ልማዱን አደከሙት፤ ብዙ መንጋም ዓመቱን ሙሉ በደጋው ይሰማራ ጀመር። ጉዳቱ በባሌ ብቻ አይወሰንም፤ የወይብና የወልመል ውሃ በጁባ ወንዝ እስከ ሶማልያ ይደርሳልና።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ስለ ተፈጥሮ ውበቱና ስለ ብዝኃ ሕይወቱ ነው። በደኑ አካባቢም ኗሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ጋር ደኑን በጋራ ማስተዳደር ጀምረዋል። ይሁን እንጂ የማኅበር ይዞታ ወሰን አለው፤ የጎዳንቱ መንገድ ግን ወሰን ተሻጋሪ ነው። እንግዲህ ዓለም ዘላቂ ልማት የሚለው ነገር በባሌ የሚጸናው፥ የደጋውና የደኑ ሽማግሌዎች እንደ ቀድሞው በአንድ ቃል ሲመክሩ ነው።